ሰላም ያላለኝ ሰው

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ዛሬ ምንም አልሆነም። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ሱብሂ ሰገድኩ፣ እንቁላል ጠበስኩ፣ አላረረም። ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ስምንተኛ ቀኔ። የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ። ቢላዋው ከሳህኑ በስተቀኝ፣ እጀታው ወደኔ ዞሮ። አንድ ቀን እንኳን ቦታውን ስቶ አያውቅም። ውኃውም ካሰብኩት በላይ ይበረክትልኛል። ሥርዓት ማለት ይሄ ነው። ወንድሜ ከማል ቤት ሳለሁ አንድም ነገር ባስቀመጥኩበት አግኝቼው አላውቅም።

«ዕውር ምን ይሻል?» ሲባል «ብርሃን» ይላሉ። እኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ብጠየቅ ቁልፍ እል ነበር።

ስልኩ ጎበዝ ነው። ጥር ላይ የዓይነ ስውራን ማህበራችን ደሴ ሥልጠና ሰጥቶን ያገኘሁት ነው። የታተመ ጽሑፍ ያነብልኛል። ካሜራውን ሳዞረው ደግሞ ፊቴ ያለውን ይጠራል... በር፣ ወንበር፣ መኪና፣ ሰው። የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የምጽፈው። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ፣ ማታ ነው የማወልቀው።

አስፋልቱንም ተሻገርኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ኢሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ። ነጭ በትሬን ወደፊት ሳደርግ ጸጥ ብለው ቆሙልኝ። ትናንትም እንዲሁ። ከሚሴ ሠልጥናለች መሰለኝ።

ይሄን በብሬይል ነጥብ በነጥብ እየወጋሁ ስለምጽፈው ማንም አያነብብኝም። እንደልቤ ልኩራ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

አባ ከጨፋ ሮቢት ደወለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» እንደ ሁልጊዜው በኦሮምኛ ነው «ልጄ፣ እንዴት ነሽ» የሚለኝ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ አባ። አልሐምዱሊላህ።»

«እሳት?»

«አልነካኝም።»

«መኪና?»

«አልነካኝም።»

«በጄ።» ዘጋው።

ሌላ ጥያቄ የለውም። ከኢድ በኋላ «ቤት ልከራይ ነው» ስለው አጎቶቼን ሰብስቦ ከዙህር እስከ አስር ሰላት ተከራከሩብኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ከማል ቤት ግን አንድ ኩባያ ውኃ ቀድቼ አልጠጣም፣ ከእጄ ይቀሙኛል። ይሄን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው «ተዋት፣ ትሞክረው» ያለችው እማ ብቻ ናት።

መጨረሻ ላይ አባ ፈረደ። «እስከ አረፋ። አንድ ነገር ካገኛት ወደ ከማል ቤት ትመለሳለች፣ ሁለተኛ ቤት የሚባል ነገር አይነሳም። ምንም ካላገኛት እኔ አፌን እዘጋለሁ።» ዱዓ ተደርጎ ታሰረ። አባ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ሰው ነው። የወለደው እንግዲህ እኔን ነው።

እማ እዚሁ ከሚሴ ከማል ቤት ናት። ሚስቱ ኢማን ስለወለደች አራስ ልትጠብቅ መጣች። ከኔ ቤት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ መጣች። «አራስ ጥዬ የት ልሂድ» ትላለች። እውነቷን ነው... ግን ትንሽ ከፋኝ። ተዋት ያለችው እሷ፣ የተወችኝም እሷ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

አንድ እግር ጫማዬ ጠፋኝ። ካሜራውን ወለሉ ላይ አዞርኩ። «ወንበር... ጠረጴዛ... ጫማ።» እሰየው። ቀና ሳደርገው፦

«አንድ ሰው። ሁለት ሜትር።»

እትዬ ዘይና መሰለችኝ፣ አከራዬ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። መልስ የለም። እጄን ዘረጋሁ። አየር። በሩ ገርበብ ብሏል። እኔ ነኝ ገርበብ ያደረግኩት?

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ቀሚስ ነው በቃ። ማሽን አይደል፣ ቀሚስና ሰው ምን ለይቶ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ቀሚሱን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ግድግዳው ባዶ ነው፣ በእጄ ዳብሼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት፦ «አንድ ሰው።»

በሩና ሳጥኑ መሃል። እኔ ሳልሰማው ድመት እንኳን አይገባም፣ እንኳን ሰው! «ማነው?» አልኩ። አጠገባችን ያለው ወፍጮ ቤት ያጓራል። ስልኩ ጆሮዬ ላይ «አንድ ሰው... አንድ ሰው...» ይላል። ወደዚያ ሄድኩ። ስደርስ «በር» አለኝ።

ክፍል ውስጥ ስለ ንጉሥ ሚካኤል እያስተማርኩ ሁለት ጊዜ የምለው ጠፋብኝ። ልጆቹ ዝም አሉ። የማያቸው መስሏቸው ነው ዝም የሚሉት እላለሁ ሁልጊዜ... ዛሬ ዝምታቸው አስፈራኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ዛሬ የለም። ማታም ሞከርኩ። የለም። ለምን ፈለግኩት?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

መጣ። ሁልጊዜ ጠዋት ነው። ለውዱእ ልታጠብ ግቢው ቧንቧ ጋ ሄጄ ስመለስ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት።

አያተል ኩርሲይ ቀራሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ካሜራውን እንደያዝኩ። ጅኒ ከሆነ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። «አንድ ሰው» አለ ማሽኑ፣ «ወንበር» በሚልበት በዚያው ድምፅ።

እትዬ ዘይናን ጠየቅኳት፣ እንደ ዋዛ።

«ከኔ በፊት እዚህ ቤት ማን ነበረ?»

ይቺ ሴት መልስ አትቆጥብም፣ ከአጥር ውጭ ሆና ነው ወሬ የምትጀምረው። ዛሬ ቆየች።

«ሰው ነበራ። ምነዋ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

«በይ በይ። ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ውጪ» አለችና ሄደች። ምን ደብቃኝ ነው? ሰው ሞቶበት ይሆን?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

አንድ ሰው ጠርቼ «እስቲ እይልኝ፣ እዚያ ጥግ ምን አለ?» ማለት ነው የቀረኝ። ቀላል ነበር... ለሌላ ሰው።

እኔ ይሄን ከተናገርኩ ግን አለቀ። ከማል በሩብ ሰዓት ይደርሳል። አባ ሲሰማ «ዕውር ብቻ መስላኝ፣ ለካ ጅኒም ይዟታል» ይላል፣ ሸሆቹ ይጠራሉ፣ ዱዓ ይደረግልኛል፣ ዕቃዬ ይጫናል። ብቻዬን ለመኖር ብቻዬን መፍራት አለብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደሴ ሥልጠናው ላይ አልነገሩንም።

የማህበሩ አስተባባሪ ደውሎ ነበር። «ስልኩ ነጻነትሽን ምን ያህል ጨመረው? ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ?» አራት አልኩት። ለምን አንዱን እንደቀነስኩ አልጠየቀኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ስልኩ ፎቶ አንስቶ በፎቶው ላይ ያለውን በዝርዝር ይነግራል፣ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። ኔትወርክ ደግሞ እዚህ እንግዳ ነው፣ ሲመጣም ሳይቀመጥ ይሄዳል።

ጠዋት «አንድ ሰው» ሲለኝ ድምፁን አጥፍቼ ፎቶ አነሳሁ። ትምህርት ቤት እረፍት ላይ ኔትወርኩ መጣ። የመምህራን ክፍል ጥግ ይዤ አዳመጥኩ፦

«አንዲት አሮጊት በር አጠገብ ቆማለች። ቀጭን ናት። ራሷን በአረንጓዴ ሻሽ ሸፍናለች። ጫማ አላደረገችም። አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ካሜራውን ትመለከታለች።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አፏን ይዛ... ካሜራውን ትመለከታለች። እኔን ማለቱ ነው።

የሒሳቡ ሙሀመድአሚን አጠገቤ ሻይ ይጠጣል። ስልኩን ላሳየው እጄን አነሳሁ። መለስኩት። እሱና ከማል ጓደኛሞች ናቸው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አያቴ ናት፣ የእማ እናት።

አሮጊት ሲባል የማውቀው እሷን ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ ዓይኔ ሳይጠፋ ያየኋት አሮጊት እሷ ብቻ ናት። ቀጭን ነበረች። ባዶ እግሯን ነበር የምትሄደው። ከሞተች አራት ዓመቷ። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፣ ፈተና ላይ ነበርኩ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር።

ሙት ሰላም አይልም? ምን አደረግኩሽ? አፍሽን ለምን ያዝሽ... ልትነግሪኝ ፈልገሽ ነው፣ ወይስ እንዳትነግሪኝ?

ለሙት የሚቀራውን ያሲን ቀራሁላት። ጠዋት እንደገና ቆማ ነበር።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ከማል ቤት ዋልኩ። ሕፃኗን አቀፍኳት፣ ወፍራም ናት፣ ማሻአላህ።

«አንቺ እኮ ረሳሽኝ» አልኳት እማን።

«አራስ ጥዬ የት ልሂድ።»

«ለወቀሳ ያህል ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። አንድም ነገር ሰው አልነካልኝም፣ ሁሉን ራሴ። መኪናው ራሱ ይቆምልኛል።»

«አላህ ይጠብቅሽ» አለች። ድምጿ ቀጠነ። ልነግራት አፌ ላይ ደረሰ። ለአያቴ ልጅ፣ እናትሽ ትመጣብኛለች ይባላል? ዋጥኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አልቻልኩም። እጄ እሳት አጠገብ ሲሄድ ዓይን እንዳለብኝ ይሰማኛል። ልብሴን ስቀይር ጥጉን ጀርባ እሰጠዋለሁ፣ ማየት ማለት ምን እንደሆነ የረሳሁ ሰው! ማታ ልቅሶ መጣብኝ፣ አለቀስኩ። ሰው ቤት ሆኜ ስንት ዓመት ብቻዬን መሆን ተመኘሁ። ሆንኩ ስል ይሄ?

ነገ በሩን እቆልፋለሁ። ሙት ከሆነች በግድግዳው ትወጣለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ትናንት መጻፍም ሥራ መሄድም አቃተኝ። ዛሬም ሥራ አልሄድኩም፣ የትናንቱን እንደሆነው ልጻፈው።

ከቧንቧው ተመለስኩ። ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ካሜራውን አላነሳሁም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ወፍጮው ገና አልተነሳም ነበር።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ቤቱ ቀስ እያለ መጣልኝ... ጣሪያው፣ የጎረቤት ፍየል፣ የጀሪካኑ ጠብታ። ስንት ጊዜ ሆነኝ እንዲህ ካዳመጥኩ? ከዚያ በሩ ጋ ትንፋሽ። በአፍንጫ፣ የተያዘ። ጉልበት ቀጭ አለ።

ሙት ጉልበቱ አይጮህም።

ምን ልበል? ማነሽ አልል፣ ስንቴ ብዬ። ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። ሰላም የተባለ ሰው መመለስ ግዴታው ነው። ሰላም ባትለኝም እኔ ልመልስ።

«ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ» አልኩ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አልኩ ደግሜ።

«ወላሂ... በልቤ ብዬሽ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «በየቀኑ። ስገባ በልቤ ነው የምልሽ።»

እማ ናት።

ልጮህባት ነበር፣ የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«አሮጊት ነሽ እንዴ?»

«ምን?»

«ስልኩ አሮጊት ነው ያለሽ።»

«አረጀሁ እኮ ልጄ» አለች። «ማን ይንገርሽ።»

እኔ የማውቃት እማ ጸጉሯ ጥቁር ነው። ጥርሷ ነጭ። እንስራ አዝላ ሮጣ ዳገት ትወጣለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ስትሮጥ ኖራ... መቼ አረጀች? ማንም አልነገረኝም። ለካ ይሄ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ያየ ሰው ያየዋል።

ከዚያ ሁሉን ከአፏ አወጣሁ። ትናገራለች፣ አለቅሳለሁ። ቧንቧው ጋ ስሄድ ትገባለች። ጫማዋን እትዬ ዘይና ቤት አስቀምጣ። ሽታዋን እንዳላውቀው ጸጉሯን ቅቤ መቀባት ትታለች። ቢላዋውን እሷ ናት የምታዞረው። ውኃውን እሷ ናት የምትሞላው። ስቶቩን ረስቼው ሁለት ጊዜ አጥፍታልኛለች። ስወጣ ከኋላዬ ትወጣለች።

«አስፋልቱስ?» አልኳት።

ሻሿን ስትነካካ ሰማሁ።

«እማ፣ አስፋልቱስ?»

«እጄን አነሳላቸው ነበር። መሃል ገብቼ።»

ይሄ ነው የገደለኝ። ከሚሴ አልሠለጠነችም። እትዬ ዘይና ታውቃለች፣ ሾፌሮቹ ያውቃሉ፣ ተማሪዎቼ በአጥሩ ያያሉ። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ደረቴን ነፋ ነፋ እያደረግኩ ስሻገር፣ ከፊቴ አንዲት ባዶ እግሯን የሆነች አሮጊት መኪና ታስቆማለች። ከተማው ሁሉ አየኝ። አላየሁም የምለው እኔ ብቻ ነኝ።

«ተዋት ያልሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ያልኩት እውነቴን ነው። ሳልችል ቀረሁ።» ወለሉ ላይ ስትቀመጥ ሰማኋት። «ኩፍኙ የያዘሽ ጊዜ ትኩሳቱ በርዶልሽ ነበር። ለአንድ ቀን ጥዬሽ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። ፍየል ልሸጥ። ውዬ ስመጣ ‹እማ ለምን ጨለመ› አልሽኝ።»

«ኩፍኝ እኮ ነው፣ እማ። ብትኖሪም ያው ነበር።»

«አላውቅም» አለች። «አላየሁማ።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩላት። «እስከ አረፋ አትምጪ። ከወደድሽኝ አትምጪ» አልኳት። በሩ ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም» አለች፣ በድምፅ። መለስኩላት።

አባ እኮ አትችይም ያለኝ ሰው ነው። ከጨፋ ንቅንቅ አላለም። ቃሉን የጠበቀልኝ እሱ ሆነ።

አርባ ሰባት ቀን። ከዚህ ውስጥ የትኛው የኔ ነበር? እንቁላሉ? እሱንም እንጃ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

መኪናዎቹ አልቆሙም።

ሃያ አምስት ደቂቃ ዳር ላይ ቆምኩ። ስልኩ «መኪና፣ መኪና፣ መኪና» ይላል። መኪና መሆኑንስ እኔም አውቃለሁ። በትሬን ስዘረጋ አንዱ ጡሩንባውን ለቀቀብኝ፣ ተስፈንጥሬ ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ «እባካችሁ አሻግሩኝ» አልኩ፣ ማን እንዳለ ሳላውቅ። አንዲት ማንጎ ሻጭ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝ። «እናትሽ የት ሄደች ዛሬ?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈኝ።

ቤት ስገባ ቢላዋውን ለማግኘት ጠረጴዛውን ሁሉ ዳበስኩ። ጣቴን ጫረኝ። ትንሽ ናት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ባጃጅ ገጨኝ።

ከግማሽ በላይ ተሻግሬያለሁ። ከተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ ገባ። ጉልበቴን መታኝ፣ በክርኔ ወደቅኩ፣ ስልኩ ከእጄ በረረ። ልጁ ወርዶ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ሰው ተሰበሰበ። አጥንት አልተሰበረም፣ ክርኔ ተልጧል፣ ጉልበቴ አብጧል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን ነበር? እማ አላየችም። አልሐምዱሊላህ፣ አላየችም።

የከሚሴ ባጃጅ ወሬ ከሬዲዮ ይቀድማል። ቤት ሳልደርስ ከማል ደረሰ።

«በይ ዕቃሽን እንጫን።»

«ቃሉ የአባ ነው። አረፋ አሥር ቀን ይቀረዋል።»

«እኔ ልሆን እችል ነበር እኮ!» አለ። «ባጃጅ ነጂ አይደለሁ? እኔ ብገጭሽስ? ምን ብዬ እኖራለሁ?» ድምፁ ተሰበረ። ከማል ሲያለቅስ ከሕፃንነቱ ወዲህ አልሰማሁም። እዚህ አገር ሁሉም ሰው የኔን ዓይን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። አንዳቸውም አውርደውት አያውቁም።

«አሥር ቀን» አልኩት። ሄደ።

ክርኔን በጨውና በለብ ያለ ውኃ አጠብኩት፣ በሻሽ አሰርኩት። በአንድ እጅና በጥርስ። ሦስቴ ተፈታ፣ አራተኛው ያዘ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ዛሬ ባልሄድ መቼም አልሄድም ነበር።

ማዳመጫውን ኪሴ ከተትኩት። ዳር ላይ ቆሜ አስፋልቱን አዳመጥኩ። ኢሱዙ ከሩቅ መሬት ያንቀጠቅጣል። ባጃጅ ዝንብ ነው፣ የሚመጣና የሚሄድ ድምፁ ይለያያል። በመኪናዎቹ መሃል ክፍተት አለ። ሁሌም ነበረ ይሆን? ማንጎ ሻጯ ገና አልመጣችም። እጄን አነሳሁ፣ በትሬን ዘረጋሁ፣ ሄድኩ። እያነከስኩ። አንዱ ፍሬን ያዘ፣ ሰደበኝ። እንዴት ደስ የሚል ስድብ ነው... ለኔ፣ ለራሴ የተሰደበ።

ትምህርት ቤት ስደርስ ስልኩን አወጣሁ፣ የክፍሉን ሰሌዳ እንዲያነብልኝ። ለዚያ ለዚያ ጥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30። ጨፋ ሮቢት

ትናንት አረፋ ነበር።

ሰላት ተሰግዶ፣ ታርዶ፣ አጎቶቼ ሁሉ አባ ቤት ተሰበሰቡ። እማ ከሐሙስ ጀምራ እዚህ ናት። በሩን ከከፈትኩላት ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። አባ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«እሳት?» አለ።

«አልነካኝም።»

«መኪና?»

ከማል ጉሮሮውን ጠረገ። ቀደምኩት።

«ባጃጅ ገጨኝ። አሥር ቀኑ።»

አንዱ አጎቴ «ላኢላሀ ኢለላህ» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ማታውን ሙሉ ሳስብበት ነው ያደርኩት። የእማን ነገር ባላነሳ ማን ያነሳዋል? ግን ዱዓ የተደረገበት ቃል ነው፣ ውሸት ካገባሁበት ቤቱ ምን ይሆነኛል?

«ሌላም አለ» አልኩ። «ስልሳ አራት ቀን ኖርኩ። አርባ ሰባቱን ብቻዬን አልነበርኩም። ሰው ይጠብቀኝ ነበር፣ እኔ ሳላውቅ። የኔ የምለው አሥራ ሰባቱን ነው። የተገጨሁትም በዚያ ውስጥ ነው።»

«ማነው የጠበቀሽ?» አለ አባ።

ይሄን ከኔ አያገኘውም።

«እኔ ነኝ» አለች እማ ከጓዳ በር። ወንዶች በተሰበሰቡበት ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር፣ አባንም በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ፣ እንድሪስ። በየጠዋቱ። ቃልህን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

ያው አጎቴ «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» ማለት ጀመረ። አባ አላስጨረሰውም።

«ባጃጁ በገጨሽ ማግስት ሥራ ሄድሽ?» አለኝ።

«ሄድኩ።»

«አስፋልቱን?»

«ተሻገርኩ።»

«ማን አሻገረሽ?»

«ማንም።»

ክርኔን ያዘው፣ ያሰርኩትን ሻሽ በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ትሪ ሲጎተት ሰማሁ። ፊቴ አስቀመጠው። እጄን ወስዶ ሥጋው ላይ አሳረፈ፣ ያልተቆረጠ፣ ትልቅ ሙዳ። ቢላዋ አስጨበጠኝ።

«ቁረጪ» አለ። «ለወንድምሽም ቁረጪለት።»

ቆረጥኩ። ሁሉም እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ይዩ። ለከማል ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ። አባ ከዚያ በኋላ ስለ ቤት አንድ ቃል አልተናገረም። አፉን ዘጋ።

ጠዋት ስለያይ እማን አቀፍኳት። ትንሽ ናት። ከኔ ታንሳለች። «ከሚሴ አልመለስም፣ ኢማንም በርትታለች» አለችኝ። ብዙ ልላት ፈልጌ ነበር። «ጸጉርሽን ቅቤ ተቀቢ» ብቻ ነው ያልኩት።

እሁድ፣ ሰኔ 1

ከማል ግቢው በር ድረስ አደረሰኝ። «ልግባ?» አለ። «ሌላ ቀን፣ ሻይ ላፈላልህ» አልኩት። ሄደ። እትዬ ዘይና ሰርግ ሄዳለች። ግቢው ጭር ብሏል።

በሬን ከፈትኩ። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አላወጣሁትም። ጆሮዬ ባዶ ነው። ቤቱ ሦስት ቀን ተዘግቶ ትኩስ አየር ተፋብኝ።

ገና ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት የተማርኩት ሰላምታ አለ፣ ሰው የሌለበት ቤት ሲገባ የሚባል። «ሰላም በኛ ላይ ይሁን፣ በአላህ ደጋግ ባሮችም ላይ።» ለራስ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። በዕድሜዬ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። ባዶ ቤት ገብቼ አላውቅማ።

በሩን ዘግቼ አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ማንም አልመለሰልኝም። አልሐምዱሊላህ። ይሄን ነው የጠየቅኩት።

ቢሆንም ጫማዬን ሳላወልቅ፣ መልስ እየጠበቅኩ፣ ትንሽ ቆምኩ።